ሰላሳ እርምጃ ሽቦ

እኔ ግልፍተኛ ሰው ነኝ። አሁን ዕድሜና ደም ግፊት ተባብረው አበረዱኝ እንጂ፣ በጎልማሳነቴ አንድ ብሎን አልፈታ ሲለኝ መፍቻውን ወርውሬ፣ ተመልሼ ደግሞ እሱኑ ፍለጋ እሾህ ውስጥ የምገባ ሰው ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ እንዳይሸወድ ነው። የማወራው ስለ አንድ ቻርጀር ብልሽት ነው፤ የብልሽቱ ግማሽ ግን እኔው ነበርኩ።

በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት አጠገብ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ካምፑ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ክረምት ካልሆነ ውሃ የማያይ አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር ነበር። ሥራው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር መሐንዲሶቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። የቀሩትን ማሽኖችና ዕቃ የሚይዝ ሰው ስላስፈለገ እኔ ቀረሁ። ለመኖሪያ የሰጡኝ ካራቫን ነበር፤ በመኪና የሚጎተት ባለ ጎማ ቤት። አልጋውም ጠረጴዛውም መታጠቢያውም በአንድ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተጠጋግቶ የተሠራ ነው። በቆላው ፀሐይ ቀን ቀን እንደ ምድጃ ይግላል። ከተማ ወርጄ ሻይ ስጠጣ፣ «አንተ ባለ ጎማው፣ ሙቀቱ ካማረረህ ለምን ቤትህን ጎትተህ ደጋው ጣርማ በር አትወጣም?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

የመብራት መስመር ካምፑ አይደርስም። የነበረኝ አንዲት ትንሽ ጄኔሬተር፣ እሷው ላይ በብሎን የታሰረ የባትሪ ቻርጀር፣ ካራቫኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ትልቅ የመኪና ባትሪ ነው። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር ጄኔሬተሯን ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ብቻ አስነሳለሁ። በዚያች ሁለት ሰዓት ባትሪው ይሞላል። ሲመሽ በባትሪው አንድ አምፖል፣ አንድ ቬንቲሌተርና አንድ ሬድዮ ይሠራልኛል። ከከተማው ሰው ተሽዬ የምኖር ይመስለኝ ነበር።

የካምፑ ዘበኛ የይፋት ሰው፣ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። «አባባ» ነበር የምላቸው። ጠዋት ጠዋት ሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርታቸውን ያጠጣሉ፤ ቀኑ ሲያጋድል ዱላቸውን ይዘው ይመጡና ካራቫኑ ጀርባ ካለው ግራር ሥር የአስር ሶላት ሰግደው ጥበቃቸውን ይጀምራሉ። ቀልደኛ ነበሩ። «እኔ ምን እጠብቃለሁ? ይህን የሞተ ብረት ሌባ ቢወስደው ወላሂ ምርቃቴ አይለየውም» ይሉ ነበር።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ አንድ ብቻ። ልጁ ካገባ ዓመት ሳይሞላው በብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ተላከ። ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ዝም። ሚስቱ፣ ገና ሃያ ያልሞላት ልጅ፣ አማቿ ቤት ቀረች። ማታ ማታ የሽማግሌውን ራት ይዛ ትመጣለች፤ ለእኔም ከሮቢ አንድ ጀሪካን ውሃ አዝላ ታመጣልኛለች። ከሮቢ እስከ ካምፑ ሰዓት የሚያህል መንገድ ነው። እኔ ያኔ «እግዜር ይስጥሽ» ከማለት ሌላ አንድም ቀን እንዴት እንደምትሸከመው አስቤ አላውቅም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አባባ ካራቫኑ በር ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ልጄ፣ ይኸ ሬድዮህ ሩቅ አገር ይሰማል አሉ።»

«ይሰማል አባባ። ምን ፈልገው ነው?»

ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእነዚያን።»

ገባኝ። ያኔ «ወንበዴ» እንድንላቸው የታዘዝነው ሰዎች ሬድዮ ነበራቸው፤ ፀሐይ ጠልቃ ከመግሪብ በኋላ የማረኳቸውን ወታደሮች ስም ከነአገራቸው ያነባሉ ይባል ነበር። እንኳን መስማት ማውራቱም ያሳስራል። ከተማ ውስጥ ግድግዳው ጆሮ አለው፤ ደግሞም የሬድዮ ባትሪ ድንጋይ ከገበያ ጠፍቷል። በባትሪ የሚሠራ ሬድዮ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ያለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አባባ፣ እኔን ማሳሰር አማረዎት?» አልኩ ተቆጥቼ።

«አይ፣ የለም። ልጄ፣ ስሙ ከተጠራ አለ ማለት ነው፤ እንጠብቀዋለን። ካልተጠራም ቁርጤን ልወቅ። ሶላቱን እንስገድለት፣ ሰደቃውን እናውጣለት። ይህችም ልጅ…» ብለው ምራታቸውን በአገጫቸው አመለከቱኝ። ጀሪካኑን አውርዳ መሬት መሬት ታያለች። «ይህችም ልጅ ወይ ባሏ ይምጣላት፣ ወይ ትፈታ። ሼኻችን ቁርጡ ሳይታወቅ ኒካሏ አይወርድም ብለዋል። እንዲህ ተንጠልጥላ ታርጅ?»

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። «ይግቡ» አልኳቸው።

ከዚያን ቀን ወዲያ በየምሽቱ ሦስታችን ሬድዮውን እንከብ ነበር። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ፣ አባባ ጠረጴዛው ሥር ወለሉ ላይ፣ እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን ወደ ውስጥ ሰጥታ። ጄኔሬተሯ የምትሠራ ከሆነ ሬድዮው ስለሚንጫጫ አስቀድሜ አጠፋታለሁ፤ ባትሪው ብቻውን ይሸከመናል። የሬድዮው አንባቢ ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። ክፍለ ሀገር፣ አውራጃ፣ ከዚያ ስም። ጎጃም ይላል፣ አርሲ ይላል፣ ሐረርጌ ይላል። በአንድ ምሽት ጥቂት ስም ብቻ ነው የሚያነበው፤ የተነበበውን ደግሞ አይደግመውም። የሰው ልጅ ስም በተጠራ ቁጥር አባባ «አልሃምዱሊላህ፣ የዚህም እናት ታገኘዋለች» ይሉ ነበር። ለማያውቁት ሰው ልጅ ደስ ይላቸዋል። እኔ በልቤ «ሰው ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለው?» እላለሁ።

እንዲህ እያለ አንድ ቀን አባባ እያፈሩ ነገሩኝ። ጄኔሬተሯ የምትሠራው እሳቸው አስር በሚሰግዱበት ሰዓት ነው፤ ጭሷ ወደ ግራሩ ይነፍሳል። «ቅር እንዳይልህ ልጄ። ሱጁድ ስወርድ ያፍነኛል፣ ጩኸቷም አፌ ላይ ያለውን ያስረሳኛል።»

«ለዚህ ነው እንዴ ይህን ያህል የሚጨነቁት?» አልኩና ያንኑ ዕለት ጄኔሬተሯን ከነቻርጀሯ ደረቁን ወንዝ አሻገርኳት። ከካራቫኑ ሰላሳ እርምጃ። ሽቦ ሲያጥረኝ መጋዘን ገብቼ የተጠቀለለ ቀጭን የስልክ ሽቦ አገኘሁ፤ እሱን ቀጥዬ ከቻርጀሩ እስከ ባትሪው በድንጋይ ላይ ዘረጋሁት። አባባ በጭስ የለሽ አየር ሰግደው ሲነሱ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እኔም ደስ አለኝ። ሰው በሠራው ደግ ሥራ ውስጥ ጥፋት ይፈልጋል እንዴ? አይፈልግም፤ እኔም አልፈለግኩም።

ሳምንት ሳይሞላ ባትሪው መድከም ጀመረ። አምፖሉ ቢጫ ሆነ፣ ቬንቲሌተሩ ክንፉ እስኪቆጠር ድረስ ዘገመ። ቻርጀሩ ላይ ያለውን የአምፔር መርፌ ሳይ፣ ድሮ ስምንት ላይ የሚቆመው ሁለት ላይ ተንጠልጥሏል። ቻርጀሩ መስጠት ያለበትን አይሰጥም ማለት ነው።

እንግዲህ ባለሙያ ነኝ ብዬ ተነሳሁ። የባትሪውን ጫፎች በሙቅ ውሃ አጥቤ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ፣ ግራሶ ቀባሁ። ሁለት ላይ ነው። ክዳኖቹን ከፍቼ አሲዱን ለካሁ፤ የባትሪ ውሃ ጨመርኩ። ሁለት። ፊውዙን ቀየርኩ። ሁለት። ቻርጀሩን ፈታሁትና ዳዮዶቹን አንድ በአንድ ፈተንኩ፤ ሁሉም ጤነኛ ናቸው። ገጠምኩት። ሁለት! ቮልት መለኪያዬን ቻርጀሩ አፍ ላይ ሳስቀምጠው ደግሞ አሥራ አራት ያህል ያሳያል፤ ሙሉ ነው። ቮልቱ ሙሉ፣ አምፔሩ ባዶ! «ይህን ቻርጀር ቡዳ በልቶታል» አልኩ። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ ገጠምኩት። ያ መፍቻም አንድ ሁለቴ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል።

አንድም ቀን ግን ያን መለኪያ ይዤ ሰላሳ እርምጃ ተራምጄ፣ ባትሪው ዘንድ ምን እንደደረሰ አልለካሁም። ቻርጀሩ ወንዝ ማዶ ነው፣ መሣሪያ ሳጥኔ እዚያ ነው፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሞኝ ሰው የጠፋበትን የሚፈልገው በጠፋበት ቦታ ሳይሆን እሱ በተቀመጠበት ቦታ ነው።

በመጨረሻ ብስጭቴ አባባ ላይ ወጣ። «እኔ ሳልኖር ሬድዮውን ይከፍቱታል እንዴ?» አልኳቸው። ሽማግሌው ደነገጡ።

«ወላሂ ነክቼው አላውቅም።»

«ታዲያ ባትሪውን ማን ይበላዋል?»

ሽቦውን ከካራቫኑ እስከ ወንዙ ማዶ በዓይናቸው ተከተሉት። «ስማኝማ ልጄ፣ እኔ የማውቀው ውሃ ነው። ከወንዙ ስትጠልፈው ሙሉ ነው። ቦዩ ቀጭንም ረጅምም ከሆነብህ ግን መጨረሻ ያለው መደብ ጋ ሲደርስ ሽንኩርቱን ምላሱን እንኳ አያርሰውም። ይህ ነገርህ ቅርብ ሳለ ይሞላ ነበር። አሁን ወንዝ አሻገርከው። መንገድ እየጠጣብህ ይሆን?»

አቤት ያኔ የሳቅኩት ሳቅ! «አባባ፣ ኤሌክትሪክ እኮ ሽንኩርት አይደለም! ሽቦ ውሃ አይጠጣም!»

እሳቸውም ሳቁ። «እሺ የኔ ሊቅ፣ አንተ ታውቃለህ» አሉ። ምራታቸው ጀሪካኑን እንዳዘለች ቆማ ትሰማ ነበር። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ ቬንቲሌተሩን ተውኩት፣ አምፖሉንም ተውኩት፤ ያለችውን ኃይል ለሬድዮው ብቻ እናደርግ ጀመር። በጨለማ ተቀምጠን እንሰማለን። አንዳንድ ቀን ንባቡ እስኪያልቅ ታደርሰናለች፣ አንዳንድ ቀን ከመንገድ ታስቀረናለች። «ነገ አስተካክለዋለሁ» እላለሁ። ነገ ደግሞ ቻርጀሩን እፈታለሁ።

ያ ምሽት እንደ ሌላው ምሽት ነበር። አንባቢው ወሎን ጨረሰ። ትንሽ ቆመና «ሸዋ ክፍለ ሀገር» አለ። አባባ ቀና አሉ። ሰላሌን አነበበ፣ ሁለት ስም። መርሐቤቴን አነበበ፣ አንድ ስም። ድምፁ እየሳሳ፣ እየራቀ ሄደ። ጆሯችንን ሬድዮው ላይ ለጠፍን። እሷ ደረጃውን ወጥታ ገባች፤ ከዚያ በፊት ገብታ አታውቅም።

«ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ» አለ ሬድዮው። «ወታደር…»

ከዚያ ሞተ።

እሳቸው ሬድዮውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ። እኔ ዘልዬ ወጣሁ። ደረቁን ወንዝ በጨለማ እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም፤ ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው። የጄኔሬተሯን ማስነሻ ገመድ ሳብኩ፣ ሳብኩ፣ ተነሳች። ተመልሼ ስመጣ ሬድዮው ጄኔሬተሯ የምታመጣበትን ጩኸት ይንጫጫል፤ ከጩኸቱ ሥር የሰው ድምፅ የለም። ባትሪው ያችን ቀጭን ኃይል እስኪጠጣና ነፍስ እስኪዘራ ድረስ ቆየ። ጩኸቱን አልፎ ሲሰማ የማርሽ ሙዚቃ ነበር። ንባቡ አልቋል።

እሷ ከወለሉ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። አባባ፣ «አውራጃችንን ጠርቷል። ሰምታችኋል አይደል? ጠርቷል» አሉ።

በማግሥቱ ገና ሳይሞቅ መለኪያውን ይዤ፣ በንዴት እንጂ በዕውቀት አይደለም፣ ባትሪው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። ቻርጀሩ ዘንድ አሥራ አራት የነበረው ባትሪው ዘንድ አሥራ ሁለት እንኳን በቅጡ አልሞላም። የቀረው መንገድ ላይ ቀርቷል። የስልክ ሽቦው ጠጥቶታል። አፌን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ያሉት ቃል በቃል ነበር።

መድኃኒቱን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ባትሪውን ፈትቼ ትከሻዬ ላይ አደረግኩና ወንዙን ተሻግሬ ቻርጀሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። አንድ ክንድ በማትሞላ ወፍራም ሽቦ አገናኘሁት። መርፌው ብድግ ብሎ ስምንት ላይ ቆመ። በቃ፣ ይኸው ነው። ማታ ተሸክሜ መለስኩት፤ ሬድዮው እንደ ደወል ጠራ።

ያን ምሽት ጠራ፣ የሚቀጥለውም ምሽት ጠራ፣ ወር ሙሉ ጠራ። የሌላ አገር ልጆች ስም ጥርት ብሎ ይነበባል። ይፋት ግን አልተመለሰም። ጥፋቴን ለአባባ ስነግራቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ተወው፣ የአላህ ቀደር ነው። ደግሞ ጠርተውታል እኮ። ከይፋት ሌላ ማን ይሆናል?» አሉኝ።

ይህቺ «ሌላ ማን ይሆናል» ናት ቤቱን የበላችው። መጀመሪያ «ምናልባት» ነበረች፤ ከርማ «ሳይሆን አይቀርም» ሆነች፤ ዓመት ሲሞላ «ልጄ ተማርኮ አለ» ሆና አረፈች። ሶላቱ አልተሰገደም፣ ሰደቃው አልወጣም። ከአሊዩ አምባ አንድ ደህና ነጋዴ ምራታቸውን ሽማግሌ ልኮ ጠየቀ። አባባ ሽማግሌዎቹን ወደ እኔ ይዘዋቸው መጡ። «ይኸው ምስክሬ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሬድዮው የይፋትን ስም ጠርቷል አልጠራም?»

ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አውራጃውን እንጂ ስም አልሰማንም ማለት ነበረብኝ። የአባባን ዓይን አየሁና «ጠርቷል» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እሷ ያን ቀንም ውሃ አምጥታልኝ ነበር፤ ጀሪካኑን አስቀምጣ ተመለሰች። ነጋዴው ሌላ አገባ።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ደርግ ሲወድቅ የደሴ መንገድ በወታደር ተሞላ፤ ባዶ እግሩን የሚሄደው፣ ቆሞ ውሃ የሚለምነው ስንቱ ነው! አባባ እርሻውን ትተው መንገድ ዳር ዋሉ፤ የእያንዳንዱን ፊት ያያሉ። ክረምቱ ወጥቶ ነበር፣ አንድ ከሲታ ወጣት በዱላ እየተደገፈ አባባን ጠይቆ ካምፕ ድረስ መጣ። የወዲያኛው ቀበሌ ልጅ ነው፤ ከአባባ ልጅ ጋር አብረው ዘምተው ነበር። ግራሩ ሥር አስቀመጥነው። ውሃ አጠጣነው።

ልጃቸው የሞተው በመጀመሪያው ውጊያ ነው። ወጣቱ ራሱ ዓይኑን ከድኖለት አፈር አልብሶታል። እሱ ደግሞ ከዚያ በኋላ ተማርኮ ኖረ። «ስማችን በሬድዮ ይነበባል ብለው መዝግበውን ነበር» አለ። «ከይፋትና ጥሙጋ እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ግን አልሰማችም። ሰው ሰምቶም አልነገራት። እኔን ስትጠብቅ ሞተች።»

እኔ ቀና ብዬ ማንንም ማየት አልቻልኩም። አንድ ስም ነበር የተነበበው። ያን ስም ብንሰማው ኖሮ አባባ በማግሥቱ በቅሎ ጭነው ለእናቱ የምሥራች ይሄዱ ነበር፤ አውቃቸዋለሁ፣ ለማያውቁት ልጅ እንኳ አልሃምዱሊላህ የሚሉ ሰው ናቸው። እሳቸውም «ተጠርቷል» የሚሉት ተስፋ አይኖራቸውም ነበር።

አባባ ወጣቱን አቀፉት። ከዚያ ተነስተው ውዱእ አድርገው፣ እዚያው ግራር ሥር፣ ጭስ በሌለበት፣ ለልጃቸው የሩቅ ሟች ሶላት ሰገዱ። ከሰገዱ በኋላ አለቀሱ። ሰደቃው በሳምንቱ ወጣ፤ እኔም ሄጄ ድንኳን ተከልኩ፣ መብራት ዘረጋሁ። ባትሪው ሙሉ ነበር።

ሰደቃው ባለቀ ማግሥት እሷ መጣች። ጀሪካኑን እንደ ወትሮዋ ደረጃው ሥር አወረደችው። ወደ ወላጆቿ አገር ልትመለስ ስንብት መምጣቷ ነው። ፊቷ ላይ ፀሐይና አራት ዓመት አርፎበታል። ጥቂት ቆማ፣

«ጋሼ፣ ያን ቀን የጎደለው ምን ነበር?» አለችኝ።

«ሽቦው ቀጭን ነበር» አልኳት። «ኃይሉን መንገድ ላይ አስቀረው።»

«አባ እንዳሉት?»

«አባ እንዳሉት።»

«ታዲያ በኋላ በምን አዳኑት?»

አፈርኩ። «ባትሪውን ተሸክሜ ወንዙን አሻገርኩት። ቻርጀሩ አጠገብ።»

ወደ ወንዙ ማዶ አየች። ደጋግማ አየች። ሰላሳ እርምጃ ነው፤ ከደረጃው ላይ ሆነው ጠጠሩን ይቆጥሩታል። ከዚያ ጀሪካኑን አየች፣ የማዘያ ገመዷን ትከሻዋ ላይ መለሰች።

«ብትነግሩኝ እኔ እሸከመው ነበር» አለችኝ።